የፊት ጎማ ሲጮኽ

ገበሬ በሬውን ያውቃል። በሬው ሲሄድ ካነከሰ ገበሬው ዝም ብሎ ቀንበር አይጭንበትም። ያቆመዋል። እግሩን ያነሣል። እሾህ ወግቶት እንደ ሆነ፣ ጠጠር ገብቶበት እንደ ሆነ ይመለከታል። የታመመው የትኛው እግር እንደ ሆነ ሳያውቅ መድኃኒት አይፈልግም።

መኪናም እንዲሁ ነው። አፍ ባይኖረውም ሲታመም ይናገራል። የሚናገረውም በድምፅ፣ በሙቀትና በመወዛወዝ ነው። የሚሰማው ሰው ካገኘ በጥቂት ወጪ ይድናል። የሚሰማው ካጣ ግን ሰው ይዞ ይወድቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንማረው ስለ አንድ የመኪና ሕመም ነው። ይኸውም የፊት ጎማ ኩሽኔታ መበላሸት ነው። ሕመሙ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የተበላሸው ኩሽኔታ እንዴት ወጥቶ አዲስ እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ እናያለን።

«እኔ መኪና የለኝ፣ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በገበያ ቀን ከነእህላችን የምንሳፈረው በመኪና ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያና ዘር የሚመጣልን በመኪና ነው። ልጆቻችንም ከተማ ገብተው ጋራዥ ይቀጠራሉ። ከዚህም ሌላ ብዙ የፈረስና የአህያ ጋሪዎች የሚሄዱት በመኪና ጎማና በመኪና ኩሽኔታ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ኩሽኔታ ምንድን ነው?

አንድ ከባድ ድንጋይ በመሬት ላይ ብንጎትት ያስቸግረናል። ከሥሩ ድቡልቡል እንጨቶች ብናስገባለት ግን በእንጨቶቹ ላይ እየተንከባለለ በቀላሉ ይሄዳል። መንከባለል ከመጎተት ይቀላልና ነው።

የኩሽኔታም ሥራ ይኸው ነው። የመኪናው የፊት ጎማ ይዞራል፣ ጎማውን የተሸከመው የብረት ዘንግ ግን አይዞርም። ብረት በብረት ላይ እየተፋተገ ቢዞር ይግላል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ይጣበቃል። ይህ እንዳይሆን በዘንጉና በጎማው እምብርት መካከል ኩሽኔታ ይገባል። የጎማውን እምብርት መካኒኮች ሞዞ ይሉታል።

ኩሽኔታ አራት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ በዘንጉ ላይ የሚቀመጥ የውስጥ ቀለበት። ሁለተኛ፣ በሞዞው ውስጥ ጠብቆ የሚገባ የውጭ ቀለበት። ሦስተኛ፣ በሁለቱ መካከል የሚንከባለሉ ትንንሽ ብረቶች። አራተኛ፣ እነዚህን ትንንሽ ብረቶች እንዳይጋጩ አራርቆ የሚይዝ ስስ የቆርቆሮ ማቀፊያ።

ኩሽኔታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በጣሊያንኛ «ትንሽ ትራስ» እንደ ማለት ነው። ጎማው የሚያርፍበት ትራስ ስለ ሆነ ስሙ ይስማማዋል። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ግራሶ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከዚያው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

በብዙ አሮጌ መኪናዎች የፊት ጎማ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶች ወደ አንድ ጫፍ የሾጠጡ ናቸው። ለዚህ ዓይነት ኩሽኔታ በ1898 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የፈጠራ መብት ያገኘው ሄንሪ ቲምከን ነው። ቲምከን በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ጋሪ ሠሪ ነበር። ጋሪ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ክብደቱ ከላይ ወደ ታች ይጫናል። ሲታጠፍ ግን ወደ ጎንም ይገፋል። የሾጠጠው ኩሽኔታ ሁለቱንም ጭነት ይችላል። ለጋሪ የታሰበው ነገር ለመኪናም ሆነ።

በአንድ የፊት ጎማ ሁለት ኩሽኔታ ይገባል። በአብዛኛው ትልቁ ወደ ውስጥ፣ ትንሹ ወደ ውጭ ይሆናል። ጠባብ ጫፋቸው እርስ በርሱ ይተያያል።

ኩሽኔታ ለምን ይበላሻል?

የመጀመሪያው ምክንያት የግራሶ ማለቅ ወይም መበላሸት ነው። ግራሶ የሌለው ኩሽኔታ ቅባት እንደሌለው ወፍጮ ነው። ራሱን ይፈጫል።

ሁለተኛው ውኃና አቧራ ነው። መኪና ብዙ መንገድ ሄዶ ሞዞው በጋለበት ሰዓት ወንዝ ውስጥ ቢገባ በውስጡ ያለው ትኩስ አየር ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል። ሲኮማተር ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውኃውም ግራሶውን ያበላሸዋል፣ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ኩሽኔታው ቶሎ ቶሎ እየታየ ግራሶው መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። አሥር ኩንታል የሚችለው መኪና አሥራ አምስት ሲጫንበት፣ በላዩም ሰው ሲሳፈርበት፣ ከዚያም ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ትራሱ ይደቃል።

አራተኛው አላግባብ ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ይህን ወደ ኋላ በሰፊው እናየዋለን።

ድምፁን መለየት

የተበላሸ ኩሽኔታ ድምፅ እንደ ወፍጮ ነው። «ሁውውው» ይላል፣ ወይም ሸካራ ሆኖ ያጉረመርማል። መኪናው ሲፈጥን ድምፁ ይጨምራል፣ ሲዘገይ ይቀንሳል። ነገር ግን መኪና ብዙ ዓይነት ድምፅ አለው። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል።

ሞተሩ ነውን? ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ለአንድ አፍታ ሞተሩን ያላላ። የሞተሩ ድምፅ ወርዶ ያ ጉርምርምታ እንዳለ ከቀጠለ ሞተር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ግን ይህ አይሞከርም።

ጎማው ነውን? የጎማ ድምፅ መንገዱ ሲለወጥ ይለወጣል። በአስፋልት ላይ አንድ ዓይነት፣ በጠጠር ላይ ሌላ ዓይነት ነው። የኩሽኔታ ድምፅ መንገዱ ቢለወጥም ያው ነው።

ፍሬኑ ነውን? ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሬን ሸራው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ የትኛው ጎማ እንደ ሆነ ይፈለጋል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል። ይህ ሸክም ተሸክመን ዞር ስንል አንዱ እግራችን እንደሚከብደው ነው። እንግዲህ ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከጨመረ የግራውን ጠርጥሩ። ይህ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ ጎማው ተነሥቶ ሲመረመር ነው።

ሙቀትም ይመሰክራል። ጥቂት መንገድ ተኪዶ ፍሬን ሳይበዛ መኪናው ይቁም። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱም የፊት ሞዞዎች በቀስታ አስጠጉ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ እሱ ታሟል፣ ወይም ፍሬኑ ይዞታል። ቶሎ እጃችሁን አታሳርፉበት፣ ያቃጥላል።

ጎማውን አንሥቶ መመርመር

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ። በኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ወፍራም ድንጋይ ወይም ግንድ ይደገፍ። የጎማው ቡሎኖች መኪናው ሳይነሣ ገና በመሬት ላይ እያለ ጥቂት ይላሉ። ከዚያ በክሪክ ይነሣ።

ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም። ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ መኪናው ከተነሣ በኋላ ከሥሩ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ወይም ሰፊ የግንድ ጉማጅ ይደረግለት። ብሎኬትና ጡብ አይሆኑም፣ በድንገት ይፈረካከሳሉ። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አካሉን አያስገባ።

አሁን አንድ እጃችሁን በጎማው አናት፣ ሌላውን በጎማው ግርጌ አድርጉ። ላዩን ስባችሁ ታቹን ግፉ፣ ከዚያም አገላብጡ። ጎማው «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተወዛወዘ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ መወዛወዙ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተረግጦም ከተወዛወዘ ጥፋቱ ከኩሽኔታው ወዲያ፣ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው።

ከዚያ ፍሬኑ ተለቆ ጎማው በእጅ ይሽከርከር። ሌላውን እጃችሁን ከጎማው በስተኋላ ባለው የመኪናው ምንጭ ብረት ላይ አድርጉ። ጤነኛ ኩሽኔታ ለስልሶ ይዞራል። የታመመው እንደ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ በእጃችሁ ይሰማችኋል።

መፍታት

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው የፊት ጎማቸውን ሞተር ስለማይነዳቸው፣ በታምቡር ፍሬን ስለሚቆሙ አሮጌ መኪናዎች ነው። ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ የፍሬን ቤት ነው።

አንደኛ፣ ጎማው ይውለቅ። ሁለተኛ፣ በሞዞው መካከል ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን ዙሪያውን ቀስ እየተባለ ተፈንቅሎ ይነሣ። ሦስተኛ፣ ዳዶው እንዳይዞር የሚያስረው ሁለት እግር ያለው የሽቦ ማሰሪያ ተቃንቶ ይወጣ። አራተኛ፣ ዳዶው ይፈታ፣ ከሥሩ ያለው ሮንዴላም ይውጣ። አምስተኛ፣ ታምቡሩ ወደ ራስ ጥቂት ይሳብ። ትንሹ ኩሽኔታ ብቅ ሲል አፈር ላይ እንዳይወድቅ በእጅ ይያዝ። ስድስተኛ፣ ታምቡሩ በሙሉ ይውጣ። እምቢ ካለ የፍሬኑ ሸራ ይዞት ይሆናል፤ ማስተካከያው ላላ ይደረግ እንጂ በመዶሻ አይደብደብ።

የሁሉም መኪና አፈታት አንድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል በአሮጌው ቮልስዋገን፣ እኛ «ቮልስ» በምንለው፣ የግራው የፊት ጎማ ዳዶ የሚፈታው እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ በተቃራኒው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ለመፍታት እያለ ያጠብቀዋል። በዚያው በግራ በኩል የፍጥነት መቁጠሪያው ሽቦ በክዳኑ መካከል ያልፋል፣ እሱም አስቀድሞ መላቀቅ አለበት። በአሮጌው ላንድሮቨር ደግሞ ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ በመካከላቸውም ዳዶው እንዳይላላ ጠርዙ የሚታጠፍ ሮንዴላ አለ። ስለዚህ ያልተለመደ መኪና ሲገጥም በጉልበት ከመታገል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በፍሬን ቤት ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍ አትንፉ፣ በአየርም አታስነፉ። የአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርና ሌላ ከባድ በሽታ ያመጣል። በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉ።

ማጠብና መመርመር

ትልቁ ኩሽኔታ በሞዞው ውስጥ ቀርቷል። ከሱ በስተኋላ ግራሶውን የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ተፈንቅሎ ሲወጣ ኩሽኔታውም ይወጣል። ይህ የጎማ ቀለበት አንዴ ከወጣ ወዲያ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይገዛለታል።

ኩሽኔታዎቹንና የሞዞውን ውስጥ በነጭ ጋዝ እጠቡ። በቤንዚን አትጠቡ፣ እሳት ይስባል። በሥራው አጠገብ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይኑር። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁትና ፀሐይ ላይ አገላብጣችሁ ተመልከቱ።

ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው። የሚንከባለሉት ብረቶች ወይም ቀለበቶቹ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስተው፣ ተልጠው ወይም ዝገው ከታዩ አበቃ። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ከጠቆሩ በሙቀት ተቃጥለዋል። ማቀፊያው ከተጣመመም አይረባም። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ግራሶ ቢጨመርበት ድምፁ ለጥቂት ቀን ዝም ይላል እንጂ አይድንም። የሕመምተኛ አፍ እንደ መያዝ ነው።

ማንበብ የሚጠቅምበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በኩሽኔታው ቀለበት ጠርዝ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ ምንም ሳይቀነስና ሳይጨመር፣ በወረቀት ገልብጡ። የውስጡም የውጩም ቀለበት የየራሱ ቁጥር ስላለው ሁለቱንም ጻፉ። አንድ ቁጥር ቢሳሳት የሚመጣው ሌላ ኩሽኔታ ነው። የቀኑም የመንገዱም ድካም በከንቱ ይቀራል። ከተቻለ አሮጌውን ኩሽኔታ ራሱን ይዞ መሄድና በሱቁ ውስጥ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት የበለጠ ይረዳል።

አዲሱን ማስገባት

ኩሽኔታ የሚለወጠው ከነውጭ ቀለበቱ ነው። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማሽከርከር አዲስ ማረሻ ከተሰበረ ድግር ጋር እንደ ማሰር ነው።

አሮጌው ቀለበት በሞዞው ውስጥ በጥብቅ ተቀምጧል። ከተቃራኒው በኩል ለዘብ ያለ የናስ ወይም የመዳብ ዘንግ ታስገቡና በመዶሻ ትመታላችሁ። አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን እየመታችሁ እኩል ይውጣ። አንዱን ጎን ብቻ ብትመቱ ይጣመምና ሞዞውን ይፍቀዋል።

ቦታው ተጠርጎ አዲሱ ቀለበት ይግባ። ሰፊው አፉ ኩሽኔታው ወደሚገባበት ወደ ውጭ ያያል። ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ እየመታችሁ አስገቡ። እዚህም ላይ ጆሮ ይሠራል። ቀለበቱ ገና እየገባ ሳለ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ሥሩ ላይ ደርሶ ሲቀመጥ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፣ የደነደነ ይሆናል። ያን ጊዜ አቁሙ። ቀለበቱ ያለ ምት በእጅ ብቻ የሚገባ ከሆነ ግን ሞዞው ተበልቷል ማለት ነው። በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ አይገባም፣ ሞዞው ራሱ መለወጥ አለበት።

ቀጥሎ ግራሶ ነው። ሙቀት የሚችል፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ ግራሶ ይሁን። አሮጌና አዲስ፣ አንዱን ዓይነት ከሌላው ዓይነት አትቀላቅሉ። እጃችሁን ታጠቡና በመዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጉ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጫፍ በግራሶው ላይ እየጫናችሁ ወደ መዳፋችሁ ግፉት። ግራሶው በመካከል ዘልቆ በሌላው ጫፍ ብቅ እስኪል ድረስ ዙሪያውን እንዲሁ አድርጉ። ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም፣ ከውስጥ መግባት አለበት። የሞዞው ባዶ ቦታ ግን ጢም ብሎ አይሞላም። ግራሶ ሲሞቅ ማበጫ ቦታ ይፈልጋልና።

ትልቁን ኩሽኔታ አስገቡ። አዲሱን የጎማ ቀለበት ከንፈሩን ግራሶ ቀብታችሁ፣ ከንፈሩ ወደ ኩሽኔታው እንዲያይ አድርጋችሁ እኩል መትታችሁ አስቀምጡ። ታምቡሩን ወደ ዘንጉ መልሱ። ትንሹን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውንና ዳዶውን አግቡ። ግራሶ የፍሬን ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የተቀባ ፍሬን አይይዝም።

ጠባቂም ላላም ያልሆነ

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ብዙ አዲስ ኩሽኔታ በጥቂት ቀን የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

ገበሬ ማረሻውን ሲያስር ምራኑን ያውቃል። ከላላ ሞፈሩ ይወላከፋል፣ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ ይንገጫገጫል።

ስለዚህ ታምቡሩን በእጅ ወደ ፊት እያሽከረከራችሁ ዳዶውን ጠበቅ አድርጉ። ይህ ኩሽኔታዎቹ በቦታቸው እንዲቀመጡ ነው። ከዚያ ዳዶውን መልሳችሁ አላሉ። ቀጥሎ በቁልፍ ሳይሆን በጣት ብቻ አጥብቁት። የሽቦው ማሰሪያ የሚገባበት ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ማጥበቅ ሳይሆን ወደ ማላላት በጥቂቱ አምጡት። አዲስ ማሰሪያ አግብታችሁ እግሮቹን እጠፉ። አሮጌ ማሰሪያ ዳግመኛ አይታጠፍ፣ ይሰበራል።

በዚህ ጊዜ ታምቡሩ ለስልሶ ይዞራል። ወደ ራስ ሲሳብ እጅግ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ይኖረዋል። ይህ ጨዋታ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ለማወቅ የቮልስን እንመልከት። ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ነው። አንድ የደብተር ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ጨዋታው ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አያልፍም ማለት ነው። በቮልስ ላይ መካኒኮች የሚፈትኑት ከዳዶው ሥር ያለውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ በማድረግ ነው። ሮንዴላው ብዙ ጉልበት ሳይጠይቅ በጥቂቱ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ደርሷል። የየመኪናው ልክ በራሱ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል።

ክዳኑ ይመለስ። ጎማው ይግባ። ቡሎኖቹ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተያዩ ይጥበቁ። መኪናው ወርዶ እንደገና ይጥበቁ። ከዚያ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ተነድቶ ሞዞው በእጅ ጀርባ ይፈተን። ለብ ቢል ደኅና ነው። የሚፋጅ ከሆነ ጠብቋልና ይስተካከል። ቡሎኖቹም ጥቂት ከተሄደ በኋላ እንደገና ይታዩ።

የማይከፈተው ኩሽኔታ

በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ኩሽኔታው ከፋብሪካ ግራሶ ተሞልቶ ተዘግቶ የሚመጣ ነው። አይከፈትም፣ ግራሶም አይጨመርበትም። ሲጮኽ በሙሉ ይለወጣል። ብዙውን ጊዜም በመዶሻ ሳይሆን በኃይለኛ መጫኛ መሣሪያ ነው የሚገባው። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው። በመንገድ ዳር መዶሻ አንሥቶ መሞከር ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ጋሪ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የተማራችሁትን ዛሬውኑ መሞከር ትችላላችሁ። ጋሪው ባዶ ሲሆን ፈረሱ ወይም አህያው ይፈታ፤ ጋሪውን ደግፋችሁ ጎማውን አንሡና አወዛውዙት፣ አሽከርክሩት። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግራሶ ያስፈልገዋል፣ ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታው የታመመ ጋሪ ጭነቱን በእንስሳው ትከሻ ላይ ይጥላል።

ዝም ቢባልስ?

«ዛሬን ያድርሰን፣ ነገ እናሠራዋለን» የሚል ሹፌር አለ። እስቲ ነገሩን እናስበው። ኩሽኔታው በመጨረሻ ማቀፊያው ይሰበራል። ትንንሾቹ ብረቶች ይበተናሉ፣ ይጣበቃሉ። ዘንጉ ይግላል፣ ይላሳል። ከዚያ ዘንጉ ይቆረጣል ወይም ዳዶው ይወጣል። ጎማው ከነታምቡሩ ይሄዳል። ታምቡሩ ሲሄድ የዚያ ጎማ ፍሬን አብሮ ሄደ ማለት ነው። መሪው አይታዘዝም። ይህ በቁልቁለት ላይ፣ ከላይ ሰው ተጭኖ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

የሹፌሩም ችግር እውነተኛ ነው። የገበያ ቀን አንድ ነው። መኪናው ከቆመ የቀኑ ገቢ ይቀራል፣ የኛም እህል ይመለሳል። ነገር ግን ሒሳቡ ይታሰብ። ጩኸቱ በተጀመረበት ሳምንት የሚጠፋው የኩሽኔታ ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቆይቶ የሚጠፋው ዘንጉ፣ ሞዞው፣ ታምቡሩም ነው። ከዚያም ወዲያ የሚጠፋው ዋጋ አይወጣለትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ተሳፋሪም ዝም ማለት የለበትም። ከፊት ጎማ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው፣ «ጎማው ይጮኻል፣ እባክህ አቁመህ እየው» ይበል። ሲቆም ሞዞው ቢፋጅ፣ ሲነሣም ጎማው ቢወዛወዝ ሰውና ጭነት ይውረድ። በዚያ ቦታ መኪናው ወደ መካኒኩ ከሚሄድ መካኒኩ አዲሱን ኩሽኔታ ይዞ ወደ መኪናው ቢመጣ ይሻላል። የኩሽኔታውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ የሚልክ አንድ ሰው በመካከላችን ካለ ሥራው በግማሽ ቀለለ።

ጥያቄዎች

1. የኩሽኔታ ሥራ ምንድን ነው?
2. የኩሽኔታን ድምፅ ከጎማ ድምፅ በምን እንለየዋለን?
3. መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ቢጨምር የትኛው ጎማ ይጠረጠራል? ለምን?
4. ጎማው ሲወዛወዝ ፍሬን የሚረገጠው ምንን ለመለየት ነው?
5. የጋለ ሞዞ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውኃ የሚስበው ለምንድን ነው?
6. የፍሬን አቧራን በአፍ መንፋት ለምን አይገባም?
7. ዳዶው ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ቢላላስ?
8. በአካባቢያችሁ ካለ ጋሪ ወይም አሮጌ ኩሽኔታ ላይ ቁጥሩን ፈልጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ጓደኛችሁም ለብቻው ይጻፍና ሁለቱን አስተያዩ።